ሁለት ዙር ቅባት

ናንት፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ኦኖሬ፣ የባሌ ታናሽ፣

ጉንፋኑ እንደለቀቀህ ሰምቼ ደስ አለኝ። እኛ ግን ገና አልጋ ላይ ነን። ልጄ ደልፊን ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ የተቀደደችበት አልሽር ብሏት እስካሁን ተደግፋ ነው የምትነሣው። ትንሿ ሉሲል ደግሞ ቀን ትተኛለች፣ ማታ ትጮኻለች። ብርዱ እስኪያልፍ ከዚህ የምነቃነቅ አይመስለኝም።

ስለ ጀልባዋ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ውርጭ ሳይመጣ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን ውሃ ጨርሰህ አፍስስ፤ የገላ መታጠቢያውን አትርሳ፣ ወንድምህ አሺል፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንድ ዓመት ረስቶት ፈንድቶበታል። የሞተሩ ዘንግ ከኋላ በሚወጣበት ቦታ ያለውን የቅባት መጭመቂያ በየሳምንቱ ሁለት ዙር አዙረው። አንድ አይበቃም፣ ሦስት ይበዛል፤ ይህንን አሺል ሲለው ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ምድጃውን ቶሎ ቶሎ አንድድላት፣ እንዳትሻግት።

የቦዩን ውሃ ለጥገና ዝቅ የሚያደርጉበትን ቀን የውሃ በሩ ጠባቂ ባዚል ደጁ ላይ ይለጥፈዋል። ያን ቀን አደራህን ገመዶቹን አላላ። ጀልባችን ትዕግሥት እናንተ እንደለመዳችሁት ሰፊ የጭነት ጀልባ አይደለችም። ወርዷ ሁለት ሜትር ነው። ገመዱ አጥሮባት ውሃው ከሥሯ ከሸሸ አንድ ጎኗ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ይዘነብላል፣ ከዚያ በኋላ ጌታ ይወቀው።

የአሺል ደብተር ከአልጋው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚያው ይቀመጥ።

ለጀልበኞች በዓል፣ ለቅዱስ ኒኮላስ፣ ሰንደቁን አንተ እንድትይዝ መመረጥህንም አውቄያለሁ። ከደብዳቤህ ሦስት ገጽ ሁለቱ እኮ ስለ ሰንደቁ ነበር። ኮራንብህ፣ በቃ።

ሶላንዥ


ክላምሲ፣ ዲሴምበር 3

እትዬ ሶላንዥ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደልፊንስ? እኔ እንደ ድንጋይ ነኝ።

ለእኔ ስለ ገመድ ታስተምሪኝ ጀመርሽ? ይሁን፣ ከአንቺ ነውና እችለዋለሁ። እኔና አሺል የድንጋይ ከሰል በጫነ ጀልባ ላይ ተወልደን፣ መራመድ ሳንችል ገመድ የጨበጥን ሰዎች ነን። እሱ አናጢነት ይሻለኛል ብሎ ወደ የብስ ወጣ፤ እኔ አርባ ዓመት ጭነት ሳመላልስ አንድም ጀልባ አላጠፋሁም። አሁን በጡረታዬ ከእንግሊዝ በመጣች በዚህች ቀጭን እርሳስ ልፈተን? እርሳስ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላት። አሺል ግን ውስጧን በእጁ ጣውላ አልብሶ ቤት እንዳደረጋት እመሰክራለሁ።

ያልሽው ሁሉ ተደርጓል። ቧንቧው ባዶ ነው፣ ቅባቱ ሁለት ዙር ነው።

ከጀልባዋ ፊት ለፊት የምትኖረውን ወይዘሮ ቨርዲዬን ታውቂያታለሽ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጀልባዋ ከግንቡ ጋር እየተጋጨች እንቅልፍ ነሣችኝ ብላ መጣች። «የወንድምህ ነፍስ ናት እንዴ የምታንኳኳው?» አለችኝ። «እሱ በሕይወቱም አንኳኩቶ አያውቅ፣ ዝም ብሎ ነበር የሚገባው» አልኳት። ለማንኛውም ዛሬ ገመዶቹን ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸውና ፀጥ አለች። ማስታወቂያውንም አይቼዋለሁ፤ ውሃው የሚወርደው ዓርብ ነው፣ ያውም በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት። ጠዋት አላልቻቸው ወደ ሰልፉ እሄዳለሁ።

ነጭ ጓንት ገዝቻለሁ። እንዳትስቂ።

ኦኖሬ


ክላምሲ፣ ዲሴምበር 7
(ያልተላከ)

እትዬ ሶላንዥ፣

ትዕግሥት ሰጠመች። ትናንት፣ በጠራራ ቀን፣ እንደታሰረች። በእኔ ጥፋት ነው። የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ይህንን ለአንቺ እንዴት አድርጌ


ክላምሲ፣ ዲሴምበር 15

እትዬ ሶላንዥ፣

ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄን ትንሽ አሞኝ ነበር።

በዓሉማ ያው በዓል ነው። ተሰለፍን፣ ቄሱ ባረኩን፣ በቀይ ወይን የተሠራ ዓሣ በላን። ሰንደቁ ከባድ ነበር። ንግግር አድርጌ እንደሆነ ጠይቀሻል፤ ጥቂት ተናግሬያለሁ።

ጀልባዋ ባለችበት ናት። ገመዶቹም አልተበጠሱም። ምድጃውን በየቀኑ አነድዳለሁ፤ ስለዚያ አታስቢ።

የሉሲልን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ኦኖሬ


ናንት፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1997

ኦኖሬ፣

እንኳን አደረሰህ። እጅህ ተሻለህ ወይ? አጭር ደብዳቤ ከአንተ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ሳነበው ሌላ ገጽ ወድቆ ይሆናል ብዬ ፖስታውን አራግፌ አየሁት።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። አሺል ከሞተ ወዲህ ከተማ ውስጥ የተከራየሁት ቤት ለእኔ ቤት አልሆነልኝም። ጀልባዋ ደህና መሆኗን ስትነግረኝ ልቤ ቆረጠ፤ ለአከራዬ እንደምለቅ ጽፌ ቁልፉን መለስኩ። አልጋና ቁም ሳጥኑን ለደብሩ ሰጥቻለሁ። ከሜይ ጀምሮ ቤቴ ትዕግሥት ናት፤ ክረምት ከበጋ እዚያው እኖራለሁ። ደልፊን «አብደሻል» አለችኝ። እኔ ግን ከአሥር ዓመት ወዲህ እንደዚህ ተደስቼ አላውቅም።

ሌላ አንድ ልመና አለኝ። ፌብሩዋሪ 2 አሺል የሞተበት ሁለተኛ ዓመት ነው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ደብተሩ ላይ የጻፈውን የመጨረሻውን ገጽ፣ የኦክቶበር 19ን፣ ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ። ለደልፊን ምን እንደሚል ብነግራት «አባባ እንዲህ አይጽፍም» ብላ አላምን አለችኝ። እስቲ ይዤላት ልቅረብ።

ሶላንዥ


ክላምሲ፣ ጃንዋሪ 29

እትዬ ሶላንዥ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ቤቱን ለመልቀቅ ትንሽ አልቸኮልሽም ወይ? አከራይሽን መልሰሽ ብታናግሪው ምን ይመስልሻል? እርጥበት ለአጥንት ጥሩ አይደለም። እንዲያው ለአንቺ ብዬ ነው።

የጠየቅሽኝ ገጽ ይኸውልሽ።

«ኦክቶበር 19። ነፋስ የለም። ቅባት ሁለት ዙር። ሶላንዥ ተኝታ ሳለች ፊቷን እያየሁ ቆየሁ። አርባ አንድ ዓመት ልነግራት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ ያለኝን እዚህ ላስቀምጠው። ያለ እሷ አንድም ቀን ቀን አልሆነልኝም። ነገ ሆስፒታል እገባለሁ። ብመለስም ባልመለስም ይህንን ትወቅልኝ።»

ይኸው ነው።

ኦኖሬ


ክላምሲ፣ ማርች 2

እትዬ ሶላንዥ፣

ገጹ ስለደረሰሽ ደስ ብሎኛል። ደልፊን አልቅሳ ወረቀቱን ከትራሷ ሥር እንዳደረገችው የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ግን እራት አልበላሁም። ልጅቷን እንዲህ ባታስለቅሻት ጥሩ ነበር።

«ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ ወይ?» ብለሻል፤ አይ፣ የለም።

ስለ ሽታም ጠይቀሻል። እሱን ምን አሳሰበሽ? መስኮቶቹን ቀን ቀን እከፍታቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከውሃ አውጥቼ ወደ ጀልባ መጠገኛው ወስጄ ሆዷን ፍቄ ሬንጅ ቀባኋት፣ ሁለት እጅ። የአልጋውን ልክ ላኪልኝ፣ ወይም ተይው፣ እኔ እለካዋለሁ።

ካፌ መሄድ ትቻለሁ፤ ሆዴን አይስማማኝም። ሰንደቁንም መለስኩላቸው። ለወጣቶቹ ይሁን።

ኦኖሬ


ክላምሲ፣ ኤፕሪል 5

እትዬ ሶላንዥ፣

ይህንን ስትጠይቂኝ ሦስተኛሽ ነው፤ የለም አልኩሽ እኮ። ሁሉ ነገር ደህና ነው።

ኦኖሬ


ክላምሲ፣ ኤፕሪል 20

እትዬ ሶላንዥ፣

ሻንጣሽ ትናንት ደረሰ። የአድራሻው ወረቀት ላይ «ቤቴ፣ ክላምሲ» ብለሽ ጽፈሻል። ባዚል በጋሪ ገፍቶ አመጣልኝና «እሰይ፣ ባለቤቷ ልትገባ ነው» አለ። ባዚል የሆነውን ሁሉ የነገርኩሽ ይመስለዋል። ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚመስለው። እነሱንም ዋሽቻቸዋለሁ።

ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሦስት ጊዜ የለም አልኩሽ። አለ። ዲሴምበር 6 ጀልባሽ ሰጠመች።

ያን ቀን ጠዋት ገመዶቹን ላላላ ወርጄ ነበር። አዲስ ኮቴን ለብሻለሁ፣ ነጩን ጓንት አጥልቄያለሁ። ገመዶቹ ጭቃና ዘይት ጠጥተዋል። ገመዱን አየሁት፣ ጓንቴን አየሁት። ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ከምሳ በኋላ እደርሳለሁ አልኩ። ይኸው ነው እትዬ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማዕበል ቢሆን ኖሮ፣ ሌባ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እጽፍልሽ ነበር።

በበዓሉ ምሳ አዳራሽ ወጣቶቹ ስለ ድሮ ሥራ አጫውተን አሉኝ። ተነሥቼ በወንበር እግርና በናፕኪን የጀልባ አስተሳሰር አሳየኋቸው። «ውሃ እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው ጀልባ አይያዝ» እያልኩ ሳለሁ ባዚል በሩን ከፍቶ ገባ። ስሜን ጠራና በእጁ ወደ ቦዩ አመለከተኝ። አዳራሹ በሙሉ ተከትሎኝ ወጣ።

በግንቡ በኩል በገመዶቹ ተንጠልጥላ፣ በወዲያኛው ጎኗ ተኝታ፣ ውሃው በጎኗ ባለው የዕቃ ማጠቢያ ማፍሰሻ ቀዳዳ ገብቶ ሞልቷታል። ፍራሹ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ሽማግሌው ጉስታቭ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ «ኦኖሬ፣ አሁን ደግሞ አፈታቱን አሳየና» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቁልቁል ሳይ ናፕኪኑ ገና እጄ ላይ ነው።

በማግሥቱ በፓምፕ አወጣናት። ከዚያ ወዲህ ከእሷ አልወጣሁም። ሞተሩን ፈትቼ አጥቤ ዘይቱን ሦስት ጊዜ ለወጥኩት፤ ይሠራል። ወለሉን በሙሉ አነሣሁት፤ አዲሱ ጣውላ የእኔ እጅ እንጂ የአሺል አይደለም፣ ስትረግጪው ይጮኻል። ሻጋታውን በኮምጣጤ ፈግፍጌዋለሁ፣ አንድ ጥግ ላይ ግን ይመለሳል። በሜይ እንደነበረች ትጠብቅሽና አንቺም ሳታውቂ፣ እኔም ሳልናገር እንዲያልፍ ነበር ሐሳቤ።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። ደብተሩ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አድሯል። ምድጃው አጠገብ ገጽ በገጽ አደረቅኩት፣ ቀለሙ ግን ሄዷል። አንድ ቃል አይነበብም። ጃንዋሪ ላይ ገጹን ስትጠይቂኝ ባዶ ወረቀት ይዤ ማእድ ቤቴ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልጅ አባቷ መጻፉን የማታምነው ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። አሺል ፍቅሩ ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበርና እሱ ነው የሚሆነው አልኩ። አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራቱን ምድጃ ውስጥ ጣልኩ፣ አምስተኛውን ላኩልሽ። በሞተ ወንድሜ አፍ ለሚስቱ ዋሸሁ። ጀልባ ማስጠም አደጋ ነው ይባል ይሆናል፤ ይህ ግን ምን ይባላል? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደኝ።

ከወይዘሮ ቨርዲዬ አጠገብ ያለውን ቤቴን ውሰጂው። ደረቅ ነው፣ ደረጃ የለውም። እኔ ጀልባዋ ላይ አድራለሁ። ፊትሽን ለማየት አቅም ስለሌለኝ ቁልፉን ባዚል ጋ አስቀምጥልሻለሁ። በዲሴምበር ጀምሬ ያልላክሁትንም ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ብልከው ኖሮ ቤትሽን አትለቂም ነበር።

ኦኖሬ


ናንት፣ ኤፕሪል 28

ኦኖሬ፣

ደብዳቤህን ለሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሦስት ጊዜ ላስጠበቅከኝ ሦስት ቀን።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ደብተር አጠብክ። ይህንን ጽፌ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ደልፊን መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው።

ኦክቶበር 19 አሺል ምን እንደጻፈ ልንገርህ። በቃሌ ነው የማውቀው፣ በዚያው ምሽት ከኋላው ቆሜ አንብቤ ስስቅበት ስለነበር። «ዝናብ። ቅባት ሁለት ዙር። ሶላንዥ ትስላለች። ባትሪ ደህና።» ይኸው ነው። ነገ ሆስፒታል የሚገባ ሰው የእኔን ሳል በቅባቱና በባትሪው መካከል መዝግቦ ተኛ። ለደልፊን ስነግራት «አባባ ስለ ሰው ሳል እዚያ ደብተር ላይ? አይጽፍም» አለችኝ። እሷን ለማሳመን ነበር ገልብጥልኝ ያልኩህ።

ስለዚህ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም እንጂ ደብተሩ እንደሌለ አውቃለሁ። ደብተሩ ከሌለ መሳቢያው የለም፣ መሳቢያው ከሌለ አልጋው። ስለ ሽታ ለምን ጠየቅሽኝ አልክ፤ እርጥብ ቤት እንደሚሸት አጥቼው ነው? እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር።

አሁን እኔም የማፍርበትን ልንገርህ፣ አንተ ብቻህን እንዳትቀር። የአሺል እንዳልሆነ እያወቅኩ ገጽህን ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ሲመጣ የማን እጅ እንደሆነ ላለማየት ፈለግሁ። ልጄ ስታለቅስበትም አሺል አይደለም ማለት አቃተኝ። አንተ በባሌ አፍ ዋሸህ፣ እኔ ዝም ብዬ ተቀበልኩህ። እውነቱን ለደልፊን የነገርኳት ትናንት ነው። «ታዲያ ሳሉ ይሻላል» አለች። ወረቀትህን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ።

ስለ ጀልባዋ ይቅር ብዬሃለሁ። አሺልም ቧንቧ አፈንድቷል፤ በሰማይ ቢሆንም ለሁለት ሳምንት ያኮርፍሃል፣ ከዚያ ይተወዋል። ሦስቱን «የለም» ግን ገና ይቅር አላልኩህም። ያንን ፊት ለፊት ነው የምጨርሰው። ስለዚህ ቁልፍ ለባዚል መስጠት የሚባል ነገር የለም፤ ራስህ ትጠብቀኛለህ። ቤትህንም አልፈልገውም፣ ቤት አለኝ። ወለሉ ይጩህ፣ ቢያንስ ሰው ሲገባ እሰማለሁ።

ሜይ 12፣ በአሥራ አንዱ ባቡር እገባለሁ። እስከዚያ አዲስ ደብተር ግዛ፣ በቀለም ሳይሆን በእርሳስ የሚጻፍበት። የመጀመሪያውን ገጽ የምትጽፈው አንተ ነህ። ከዲሴምበር 6 ጀምር። አሺል እንደሚጽፈው ጻፈው፤ አየሩን፣ ቅባቱን፣ ገመዱን፣ የሆነውን። ማስዋብ አይፈቀድም።

ጓንትህንም ይዘህ ና። የምትሸከምልኝ ሌላ ሻንጣ አለኝ።

ሶላንዥ


(አዲሱ ደብተር፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ በእርሳስ)

ዲሴምበር 6። ደረቅ ብርድ። ቅባት አልተደረገም። ገመድ አጭር። ውሃው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጀልባዋ ሰጠመች። ያሰራት ኦኖሬ ነው፣ ገመዱን ሳያላላ የሄደውም እሱ ነው።

ሜይ 12። ፀሐይ። ቅባት ሁለት ዙር። ገመድ ሁለት ክንድ ልቅ ነው። እትዬ በአሥራ አንዱ ባቡር ገባች፤ ጣቢያው ላይ ብዙ ተናገረችኝ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ወለሉ ሲጮህ ሰማችና ሁለት ጊዜ መልሳ ረገጠችው። ባትሪ ደህና። ሳል የላትም።